«ኦል» እና «ኖት» በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ፦ አሉታው የሚገዛው የቱን ቃል ነው?

ውድ መምህር፣ ጥያቄዎ ሦስት ክፍል አለው። በአንድ የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ኦል አፕሊካንትስ ዊል ኖት ቢ ኢንተርቪውድ» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብበው፣ አንዱ ባልደረባዎ «ከአመልካቾች ለቃለ መጠይቅ የሚጠራ አንድም የለም» ብሎ ሲረዳው ሌላው ደግሞ «የሚጠሩት ሁሉም አመልካቾች አይደሉም» ብሎ እንደተረዳው ጽፈዋል። ቀጥለውም ተማሪዎችዎ «ማንም አልመጣም» ለማለት አንዳንዴ «ኤኒባዲ ዲድ ኖት ካም»፣ አንዳንዴም «ኖባዲ ዲድ ኖት ካም» እንደሚሉ፣ ስህተት መሆኑን ቢያውቁም ምክንያቱን ማስረዳት እንደከበድዎ ገልጸዋል። በመጨረሻም አክቲቩን (ባለቤቱ አድራጊ የሆነውን ዓረፍተ ነገር) ወደ ፓሲቭ (ባለቤቱ ተደራጊ ወደሆነው) የመለወጥ ልምምድ ላይ ትርጉሙ ሁልጊዜ ሳይነካ ይቀራል ወይ ብለዋል። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ ሁሉ እርስዎ እንዳደረጉት በፊደላችን እጽፈዋለሁ፤ «ኦል» «ሁሉም» ማለት ሲሆን «ኖት» የአሉታ ቃል ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች ሥራቸው አንድ ነው። አሉታ ያለበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደ «ሁሉም»፣ «ብዙ»፣ «አንዳንድ»፣ «ማንም» ያለ መጠን ገላጭ ቃል ሲገባ፣ አሉታው መጠኑን ራሱን ነው የሚክደው ወይስ መጠኑ ከአሉታው ውጪ ቆሞ አሉታውን ይቆጥራል የሚል ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። አሉታው የሚደርስበትን የዓረፍተ ነገር ክፍል እዚህ «የአሉታው ግዛት» እለዋለሁ። እንግሊዝኛ ይህን ግዛት በአብዛኛው የሚያሳየው በቃላት ቅደም ተከተል ነው፤ አማርኛ ግን አሉታውን በመጨረሻው ግስ ላይ ስለሚያስር በሌላ መንገድ ነው የሚያሳየው። ተማሪዎቻችንን የሚያሳስታቸው በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥርት ካለው ምሳሌ ልጀምር። «ሜኒ ስቱደንትስ ዲድ ኖት ፓስ» እና «ኖት ሜኒ ስቱደንትስ ፓስድ» ቃላቸው አንድ ይመስላል። የመጀመሪያው «ያላለፉ ብዙ ተማሪዎች አሉ» ይላል፤ ሁለተኛው «ያለፉት ተማሪዎች ብዙ አይደሉም» ይላል። 100 ተማሪዎች ተፈትነው 60 አለፉ፣ 40 ወደቁ እንበል። የአርባ ተማሪ መውደቅ ብዙ ነው ለሚል ሰው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ሐሰት ነው፤ ከመቶው ስልሳው አልፎ ሳለ ያለፉት ብዙ አይደሉም ማለት አይቻልምና። በአንድ እውነታ ላይ አንዱ እውነት ሌላው ሐሰት ከሆነ ልዩነታቸው የአነጋገር ለዛ ሳይሆን የፍሬ ነገር ልዩነት ነው። በመጀመሪያው «ሜኒ» ከ«ኖት» ቀድሞ ስለቆመ ከአሉታው ግዛት ውጪ ነው፤ በሁለተኛው «ኖት» ቀድሞ «ሜኒ»ን ከሥሩ አስገብቶታል። «ሞስት» (አብዛኞቹ)፣ «ሰም» (አንዳንድ)፣ «ሴቨራል» (በርካታ) እና ቁጥሮችም በባለቤትነት ቦታ ሲቆሙ ይህንኑ ይከተላሉ፦ «ሞስት ስቱደንትስ ዲድ ኖት ፓስ» ማለት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወድቀዋል ማለት ነው፤ «ያለፉት ከግማሽ አይበልጡም» ለማለት ብቻ ማንም አይጠቀምበትም።

እንግዲህ «የቀደመው ይገዛል» የሚል ደንብ ቢኖረን ኖሮ ሁሉ ነገር ቀላል ነበር። ደንቡን የሚያፈርሱት ግን በጣም የተለመዱት ቃላት፣ «ኦል» እና «ኤቭሪ» (እያንዳንዱ) ናቸው። «ኦል ዘ ስቱደንትስ ዲድ ኖት ፓስ» በደንቡ መሠረት «ያላለፉት ሁሉም ናቸው»፣ ማለትም አንድም ያለፈ የለም፣ ሊል ይገባው ነበር። ይህን ትርጉም በእርግጥ ይሰጣል። ነገር ግን በዕለት ንግግር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሌላውን ነው፦ «ያለፉት ሁሉም አይደሉም»። የእንግሊዝኛው ታዋቂ ምሳሌያዊ አነጋገር «ኦል ዛት ግሊተርስ ኢዝ ኖት ጎልድ» የተሠራው በዚህ መልክ ነው። ቃል በቃል በቅደም ተከተሉ ቢነበብ «የሚያብረቀርቅ ነገር በሙሉ ወርቅ ያልሆነ ነው» ይሆን ነበርና ወርቅ ራሱ ስለሚያብረቀርቅ አባባሉ ሐሰት በሆነ ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሁሉ ግን «የሚያብረቀርቅ ሁሉ ወርቅ ላይሆን ይችላል» ብሎ ነው የሚረዳው። አሉታው ከኋላ ሆኖ ሳለ ከፊቱ የቆመውን «ኦል» ተሻግሮ ይገዛዋል ማለት ነው።

ይህ መሻገር ለምን ለ«ኦል» ተፈቀደ? ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ ጄስፐርሰን እ.ኤ.አ. በ1917 ስለ አሉታ ባሳተመው ጥናት ጉዳዩን ከመረመሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው፤ በኋላም አሜሪካዊው ሎረንስ ሆርን በሰፊው ተመልሶበታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ማብራሪያ በአማራጮች ላይ የተመሠረተው ነው። እንግሊዝኛ «አንድም የለም» ለማለት አጭርና ግልጽ ቃል አለው፦ «ኖ ስቱደንት ፓስድ»፣ «ነን ኦፍ ዘም ፓስድ»። ተናጋሪው ይህን ግልጽ መንገድ ትቶ «ኦል ... ኖት» ካለ፣ ሰሚው «አንድም የለም ማለት ቢፈልግ ኖሮ በቀጥታ ይለው ነበር» ብሎ ያስብና ወደ ሌላው ትርጉም ይሄዳል። በተቃራኒው «ሁሉም አይደሉም» የሚለውን ሐሳብ በአንድ ቃል የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ቃል የለም። ሆርን እንዳሳየው ደግሞ ጉድለቱ የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፤ «ነን»ን የመሰለ ነጠላ ቃል ያላቸው ቋንቋዎች ብዙ ሲሆኑ «ሁሉም አይደለም»ን በነጠላ ቃል የሚገልጹትን ግን አናገኝም። ባዶ የቀረውን ቦታ «ኦል ... ኖት» ይሞላዋል። «ሜኒ» እና «ሞስት» ይህን ያህል የሚገፋቸው ነገር ስለሌለ በቦታቸው ይጸናሉ።

በንግግር ጊዜ ድምፅ ያግዛል። የቋንቋ ሊቁ ሬይ ጃክንዶፍ እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳስተዋለው፣ «ኦል» ላይ ጫና ተደርጎ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ወደ ላይ ሲነሣ ሰሚው «ሁሉም አይደሉም» ብሎ ይረዳል፤ መጨረሻው ወደ ታች ወርዶ ሲዘጋ ግን «አንድም የለም» ወደሚለው ያዘነብላል። ጽሑፍ ግን ይህ ዜማ የለውም። ማስታወቂያው የባልደረቦችዎን አስተያየት የከፈለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም እንግሊዝኛቸው አላነሰም። ልጆችም ይህን ልዩነት ቆይተው ነው የሚለምዱት። የልጆችን ቋንቋ የሚያጠናው ዡልየን ሙሶሊኖ ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ ባደረጋቸው ጥናቶች፣ ፈረሶች አጥር ሲዘሉ በሚያሳይ ታሪክ ላይ «ኤቭሪ ሆርስ ዲድ ኖት ጃምፕ ኦቨር ዘ ፌንስ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲቀርብላቸው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ትንንሽ ልጆች በአብዛኛው ቅደም ተከተሉን ተከትለው «አንድም አልዘለለም» ብለው እንደሚረዱ፣ አዋቂዎች ግን «የዘለሉት ሁሉም አይደሉም» የሚለውን በቀላሉ እንደሚቀበሉ አሳይቷል። የእኛ ተማሪ ቅደም ተከተሉን ብቻ ተከትሎ ቢተረጉም እንግሊዛዊ ሕፃን የሚሄድበትን ምክንያታዊ መንገድ ነው የሄደው፤ ስለዚህ ሲያርሙት ይህን ቢነግሩት ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሎጂኩ አንድ ነገር ልጨምር። አርስቶትል ከለያቸው ግንኙነቶች ሁለቱ ለዚህ ጉዳይ ወሳኝ ናቸው። «ሁሉም አልፈዋል» እና «አንድም አላለፈም» ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ግማሹ ካለፈ ግን ሁለቱም ሐሰት ናቸው። «ሁሉም አልፈዋል» እና «ያለፉት ሁሉም አይደሉም» ግን የግድ አንዱ እውነት፣ ሌላው ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው «ኦል ዘ ስቱደንትስ ፓስድ» ሲል ሌላው ሊያስተባብለው ቢፈልግ የሚበቃው «ኖት ኦል» ነው፤ «ነን» ከሚያስፈልገው በላይ ይናገራል። «ኦል ... ኖት» በክርክር መካከል፣ አንድ የተባለ ነገርን ለማስተባበል ሲመጣ «ኖት ኦል» ሆኖ የሚሰማውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ወደ ማስታወቂያው ልመለስ። ሁለቱም ባልደረቦችዎ ሰዋስዉ የሚፈቅደውን አንብበዋል። ዐውዱ ግን አንዱን ይመርጣል፤ ሥራ አስታውቆ አመልካች ጠርቶ አንድንም ሰው ቃለ መጠይቅ የማያደርግ ድርጅት ይህን አስቀድሞ አይጽፍምና። ስለዚህ ትክክለኛው ትርጉም «ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩት ሁሉም አመልካቾች አይደሉም» የሚለው ነው። ጸሐፊው «ኖት ኦል አፕሊካንትስ ዊል ቢ ኢንተርቪውድ» ቢል ወይም በሥራ ማስታወቂያዎቻችን እንደተለመደው «ኦንሊ ሾርትሊስትድ አፕሊካንትስ ዊል ቢ ኮንታክትድ» (የምናነጋግረው የተመረጡትን አመልካቾች ብቻ ነው) ቢል ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር። ለተማሪዎችዎ የምመክረው አቋም ጠንካራ ነው፦ «ኦል ... ኖት» ሲያነቡ ሁለቱንም ትርጉም ይመርምሩ፤ ሲጽፉ ግን ፈጽሞ አይጠቀሙበት። ወይ «ኖት ኦል»፣ ወይ «ነን» ወይም «ኖ» ይበሉ። «ቦዝ»ም እንደዚያው ነው። «ሁለቱም አልመጡም» የሚለውን «ቦዝ ኦፍ ዘም ዲድ ኖት ካም» ብሎ መተርጎም «የመጣው አንዱ ብቻ ነው» ለሚል ግምት በር ይከፍታል፤ «ናይዘር ኦፍ ዘም ኬም» ግን አንድ ትርጉም ብቻ አለው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ «ኤኒባዲ ዲድ ኖት ካም» ለምን አይባልም የሚለው ነበር። «ኤኒ» እና ከእርሱ የተሠሩት ቃላት በዚህ አገባባቸው የአሉታ ጥገኞች ናቸው፤ የአሉታው ግዛት ውስጥ ካልገቡ አይቆሙም። «ኦል» የነበረው አሉታን ከኋላ የመሳብ ዕድል ለእነርሱ የለም። «አይ ዲድ ኖት ሲ ኤኒባዲ» ትክክል ነው፤ «ኖት» ቀድሞ «ኤኒባዲ»ን ይገዛል። «ኤኒባዲ ዲድ ኖት ካም» ግን ጥገኛውን ከጌታው ፊት ያቆመዋል። ባለቤቱ አሉታ እንዲኖረው ከተፈለገ አሉታው ራሱ ወደ ፊት መጥቶ ከቃሉ ጋር መዋሐድ አለበት፦ «ኖባዲ ኬም»። መቅደም ብቻውን እንደማይበቃም ማሳየት ይቻላል። «ዘ ስቱደንት ሁ ዲድ ኖት ስተዲ አንሰርድ ኤኒቲንግ» ስህተት ነው፤ «ኖት» ቀድሟል፣ ነገር ግን «ሁ ዲድ ኖት ስተዲ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ታጥሮ ስለቀረ ከሐረጉ ውጪ ያለውን ዋና ግስና ተሳቢውን አይገዛም። («ኤኒባዲ ካን ካም»፣ «ማንም መምጣት ይችላል» የሚለው የ«ኤኒ» ሌላ አገባብ ነው፤ ተማሪ ከዚህ ጋር እንዳያምታታው ለይቶ ማስተማር ይበጃል።)

ተማሪዎችዎ ለምን እንደሚሳሳቱ የሚያሳየው አማርኛው ነው። «ማንም አልመጣም» ስንል አሉታው «አል» እና «ም» ሆኖ ግሱን ከፊትና ከኋላ ይይዘዋል፤ ግሱ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ባለቤትም ሆነ ተሳቢ፣ መጠን ገላጩ ሁልጊዜ ከአሉታው ይቀድማል፤ መቅደምና መከተል ለእኛ ግዛትን አይለይም። «ማንም» ከአሉታው በፊት መቆሙ ምንም አያውከንም። ተማሪው ይህን ቅደም ተከተል ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «ኤኒባዲ ዲድ ኖት ካም» ይላል፤ «ማንም» አሉታ አለው ብሎ ያሰበው ደግሞ «ኖባዲ» ብሎ ይተረጉምና ግሱንም እንደ አማርኛው በአሉታ ይተወዋል። ይህ ሁለተኛው የበለጠ አደገኛ ነው፤ ሰዋስዉ ትክክል ሆኖ ትርጉሙ ስለሚገለበጥ። በመደበኛው እንግሊዝኛ «ኖባዲ ዲድ ኖት ካም» ሁለት አሉታዎች ስላሉት «ሁሉም መጥቷል» ማለት ነው። ተማሪው ይህን ለመረዳት የሚያስፈልገው ነገር በራሱ ቋንቋ አለለት፦ «ያልመጣ የለም» ሲባል ሁሉም መምጣቱን ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያውቃል። «ኖባዲ ዲድ ኖት ካም» የሚተረጎመው በዚህ ነው ብለው ቢያሳዩት ስህተቱን ዳግም አይሠራውም። በአንዳንድ የእንግሊዝኛ ዘዬዎች፣ ለምሳሌ በለንደን ሠራተኛ መደብና በአፍሪካ አሜሪካውያን አነጋገር፣ ሁለት አሉታ እንደ አንድ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ፤ ይህ የራሱ ሥርዓት ያለው አነጋገር እንጂ ስንፍና አይደለም። ትምህርት ቤት የሚጠየቀው ግን መደበኛው ነው።

አማርኛ ግዛትን የሚለየው በዓረፍተ ነገሩ አወቃቀር ነው። «ሁሉም ተማሪዎች አላለፉም» ብቻውን ሲነበብ እንደ እንግሊዝኛው «ኦል ... ኖት» ለሁለት ትርጉም ክፍት ነው። ከላይ እንዳደረግሁት «ያላለፉት ሁሉም ናቸው» እና «ያለፉት ሁሉም አይደሉም» ብለን ከፈልነው ግን ጥርጣሬው ይጠፋል፤ በመጀመሪያው አሉታው ከግሱ ጋር በሐረጉ ውስጥ ይቀራል፣ በሁለተኛው «አይደሉም» መጠኑን በቀጥታ ይክደዋል። እነዚህን ሁለት ቅርጾች በክፍል ውስጥ እንደ መመርመሪያ ቢጠቀሙባቸው እመክራለሁ። ማንኛውንም መጠን ገላጭ ያለበት የእንግሊዝኛ አሉታዊ ዓረፍተ ነገር ተማሪው በሁለቱም ቅርጽ ተርጉሞ፣ የትኛው እንደሚስማማ ይወስን። የሰዋስው ስያሜ ከማስጠናት ይልቅ ይህ ልምምድ ግዛትን በጆሮ ያስይዛል።

የሕግ ጽሑፍም ይህን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ሕጎችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያትማል፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። አማርኛው «ማንኛውም ሰው ... አይችልም» ሲል እንግሊዝኛው «ኖ ፐርሰን ሜይ ...» ማለት አለበት። «ኤኒ ፐርሰን ሜይ ኖት» የቃል በቃል ግልባጭ ነው፤ «ኦል ፐርሰንስ ሜይ ኖት» ደግሞ የተከለከሉት አንዳንዶች ብቻ ናቸው ብሎ ለሚከራከር ጠበቃ ቀዳዳ ይተዋል። የውልና የደንብ ትርጉም የሚሠሩ ሰዎች ይህን አንድ ነጥብ ቢይዙ ብዙ ክርክር ይቀራል።

አሁን ወደ ፓሲቩ። ቅደም ተከተል ግዛትን የሚያሳይ ከሆነ፣ ባለቤትንና ተሳቢን ቦታ የሚያለዋውጥ ልምምድ ትርጉምን ሊለውጥ እንደሚችል ግልጽ ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ኖም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1957 አሉታ በሌላቸው ዓረፍተ ነገሮች ላይ ሳይቀር ይህን አመልክቷል፦ በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ቢያንስ ሁለት ቋንቋ ያውቃል ማለትና፣ ቢያንስ ሁለት ቋንቋዎች በክፍሉ ባለ ሰው ሁሉ ይታወቃሉ ማለት አንድ ላይሆን ይችላል። አሉታ ሲገባ ልዩነቱ ይሰፋል። «ዘ ኤግዛሚነርስ ዲድ ኖት ሪድ ሜኒ ፔፐርስ» በተለመደው ንባቡ ያነበቧቸው ወረቀቶች ብዙ እንዳልሆኑ ይናገራል። ወደ ፓሲቭ ተለውጦ «ሜኒ ፔፐርስ ወር ኖት ሬድ ባይ ዘ ኤግዛሚነርስ» ሲሆን ግን ሳይነበቡ የቀሩ ብዙ ወረቀቶች አሉ ይላል። ፈታኞቹ ከ1,000 ወረቀት 700 አንብበው ከሆነ ሁለተኛው እውነት፣ የመጀመሪያው ሐሰት ነው። ትርጉሙን ጠብቆ ለመለወጥ «ኖት ሜኒ ፔፐርስ ወር ሬድ ባይ ዘ ኤግዛሚነርስ» ማለት ያስፈልጋል። «ኤኒ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ላይ ደግሞ አሉታው ራሱ ቃል ይቀይራል፦ «ኖባዲ ሬድ ኤኒ ኦፍ ዘ ሌተርስ» የሚለው «ነን ኦፍ ዘ ሌተርስ ዋዝ ሬድ ባይ ኤኒባዲ» ይሆናል። አሉታው የነበረው ከአንባቢው ጋር ነው፤ ደብዳቤዎቹ ወደ ፊት ሲመጡ እነርሱ ወሰዱትና አንባቢው «ኤኒባዲ» ሆኖ ወደ ኋላ ቀረ። ይህን ጥንድ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማሳየት ስለ ቅደም ተከተል ብዙ ያስተምራል።

ከልምምዱ አልፎ ከፍ ላሉ ክፍሎች የሚሆን፣ እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ አለ። «ዊዝ ኖ ጆብ ሺ ዉድ ቢ ሃፒ» እና «ዊዝ ኖ ጆብ ዉድ ሺ ቢ ሃፒ» የሚለያዩት «ሺ» እና «ዉድ» ቦታ በመለዋወጣቸው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ባይኖራት ደስተኛ እንደምትሆን ይናገራል፤ ሁለተኛው የትኛውም ሥራ ደስ እንደማያሰኛት። አሉታ ያለበት ሐረግ ወደ ፊት ወጥቶ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ሲገዛ እንግሊዝኛ ረዳት ግሱን ከባለቤቱ በፊት ያስቀድማል፤ አሉታው በሐረጉ ውስጥ ብቻ ታጥሮ ሲቀር አያስቀድምም። «ኔቨር» (በጭራሽ)፣ «ኖት ዋንስ» (አንድም ጊዜ)፣ «ሬርሊ» (ከስንት አንዴ) ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ ግሱ የሚገለበጠውም በዚህ ደንብ ነው። ተማሪዎች «ኢንቨርዥን» ብለው ለብቻው የሚሸመድዱት ይህ ትምህርት እስካሁን ካነሣነው የተለየ አይደለም፤ የአሉታው ግዛት እዚያም በቃላት ቦታ ታይቷል።

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ጉዳዩ ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ያልፋል። የሒሳብ ወይም የባዮሎጂ ፈተና ላይ «ኦል ኦፍ ዘ ፎሎዊንግ አር ኖት ትሩ» የሚል ጥያቄ ሲወጣ ተማሪው የሚሳሳተው በባዮሎጂው ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሚያዘጋጁት ፈተና ውስጥ ካለ፣ የሚፈልጉት «ነን ኦፍ ዘ ፎሎዊንግ ኢዝ ትሩ» መሆኑን ወይም «ኖት ኦል ኦፍ ዘ ፎሎዊንግ አር ትሩ» መሆኑን ወስነው እንደገና ይጻፉት፤ ፈተናው ተሰጥቶ ካለቀ ደግሞ ከሁለቱ ትርጉሞች በአንዱ ትክክል የሆነውን መልስ ሁሉ ቢቀበሉ ተገቢ ነው።